ከእትዬ ዘነበች ቃል የቆረጥኩት

ይህን ለባሌ አልነገርኩም፤ ለጸሎት ጓደኞቼም አልነገርኩም። ኃጢአቴን ስናዘዝ ስንቱን ዘርዝሬ ይህቺን ብቻ ዘልያታለሁ። 

ልደታ አካባቢ በሚገኝ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ብሮድካስት እማር ነበር። ትምህርቱ ወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም፤ ገና ከጅምሩ ማይክ ያስጨብጡናል፣ የሠራነውም በሬዲዮ ይተላለፋል። ለእኔ የደረሰኝ የምስክርነት ፕሮግራም ነበር።

የጌጃ ሰፈሯ እትዬ ዘነበች መጡልኝ። ስኳር አለባቸው። ማይኩ ፊት ተቀምጠው በዚያ ረጋ ባለ አነጋገራቸው፣ «ጌታ ከሞት አፋፍ መለሰኝ። አልዳንኩም፤ መርፌዬን ጠዋት ማታ እወጋለሁ፤ እሱንም የሰጠኝ ጌታ ነው» አሉ።

ከዚህ ወዲያ ምን ምስክርነት አለ? እኔ ግን ከንፈሬን ጣልኩ። እኛ ዘንድ በሽታው ድል ካልተነሳ ምስክርነት አይባልም፤ ሰው «ሃሌሉያ» ብሎ የሚነሳበት ቦታ ይፈልጋል። ለመርፌ ማን ይነሳል? ስለዚህ መርፌውን ቆረጥኩት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ በእነዚህ ጣቶቼ። «ከሞት አፋፍ መለሰኝ» ከሚለው ቀጥሎ መዝሙር አስገባሁ። መግቢያው ላይ ደግሞ በገዛ ድምፄ «ከስኳር በሽታ የተፈወሱት እናታችን» አልኩ። ክፍል ውስጥ ሲሰማ ተጨበጨበልኝ፤ መምህሩም «ጎበዝ!» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቱ!

ከወራት በኋላ እትዬ ዘነበች ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ነቀምት የምትኖር ታናሽ እህት አለቻቸው፣ ተዋበች የምትባል፤ እሷም ስኳር አለባት። ፕሮግራሙን ሰምታ «እህቴ በጸሎት ከዳነች እኔስ እምነት አነሰኝ እንዴ?» ብላ፣ ማንንም ሳታማክር መርፌዋን ተወች። ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ነፍሷ ተረፈች፤ ዓይኗ ግን ጠፋ። አሁን እሳቸው ቤት ናት፤ ግን ከእጃቸው ውኃ እንኳ አትቀበልም። «ዋሽተሽ አሳወርሽኝ» ትላቸዋለች።

«አልዳንኩም ብዬ ተናግሬያለሁ ብላት አላምን አለችኝ» አሉ። «የኔ ልጅ፣ ሙሉ ንግግሬ ይኖራል አይደል? በገዛ ጆሮዋ ትስማው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ነበረ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበረ፤ የት እንዳለም አውቅ ነበር። ግን ከወጣ የቆረጥኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል፤ ለመመረቅ ደግሞ ትንሽ ነው የቀረኝ። ስቱዲዮ አስገባኋቸው፣ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ከዚያ የማይመለከተውን ሁሉ እየከፈትኩ እየዘጋሁ የምፈልግ መሰልኩ። በእኒያ ሴትዮ ላይ ቲያትር ሠራሁ! መጨረሻ ላይ «እትዬ፣ ጠፍቷል» አልኳቸው።

ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። «ለእኔ ብለሽ ደከምሽ፤ ጌታ ይባርክሽ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። አሜን! ምን ዓይነት አፍ ነው ይሄ? ከበሩ እስኪወጡ ጠብቄ ቀረጻውን አጠፋሁት።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ቁረጪ ያለኝም የለም። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልል፣ ሰይጣን ኤዲት ሲያደርግ አላየሁም። አጠፋሁት፣ ተመረቅሁ፣ ሥራ ያዝኩ። ያ ለስላሳ ድምፄ ዛሬም በሬዲዮ ይሰማል፤ ስሰማው ራሴን እጠየፈዋለሁ።

ሁለቱም ዛሬም ጌጃ ሰፈር አሉ፤ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አላሳወርኩም። ቀረጻው ባይኖር እንኳ ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ገብቼ «ተዋበች፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» ብላት እህቷን ታምናት ነበር። ይህ ደግሞ ዛሬ የተገለጠልኝ ነገር አይደለም። ያኔ፣ እትዬ ዘነበች ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝም አውቀው ነበር።