የሽንፋ ቤተ መጻሕፍት ሰሊጥ ቤት ሆነ የተባለ ጊዜ

ጎንደር፣ ጎህ ሲቀድ

ሁለት ካርቶን መጻሕፍት ታቅፌ መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ላይ ጭነት እየታሰረ ነው። ካርቶኖቹ ለሽንፋ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ እኔና አብረውኝ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ያሰባሰብናቸው። ሾፌሩ ደሳለኝ አንዱን ብድግ አደረገና፣

«ምንድን ነው እንዲህ የከበደው መምህር፣ ምስማር ነው?» አለኝ።

ነገርኩት። ገመዱን መሳብ አቆመ።

«ቤተ መጻሕፍቱማ ሰሊጥ ቤት ሆኗል። በመስኮቱ አይቻለሁ፤ እስከ ጣራው ጆንያ ነው። ይልቅ እዚሁ ለሚያነብ ስጠው።»

ክው አልኩ። ከዚያ እልህ ያዘኝና «ግድ የለህም፣ ጫነው» አልኩት።

አይከል፣ ቁርስ ላይ

ጭጋግ ነው። ፉል በትኩስ ዳቦ በላን፤ ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ ወዲህ ጨምሯል፣ ሳህኑ ግን አንሷል። ሻይ የምትቀዳው ሴት ሽንፋ እንደምሄድ ስትሰማ፣ «ያ መጻሕፍት ቤት መጋዘን ሆነ አሉ፤ ያሳዝናል» አለች። ወሬው ቀድሞኝ አይከል ደርሷል። የሾፌር ወሬ ጎማ አለው።

ቁልቁል ወደ ቆላው

መንገዱ ሲወርድ ጃኬቱ አንድ በአንድ እየወለቀ ጉልበት ላይ ያርፋል። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ «ሰላም ነው፣ እለፉ» ስንባል አንዲት እናት አማተቡ። ግራ ቀኙ ማሽላና ሰሊጥ ነው። ለአጨዳ ከደጋ የወረዱ ሳሉጎች ማጭዳቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አይሱዙ ላይ ቆመው ያልፉናል።

እኔ የማስበው ስለ ቤቱ ነው። ድሮም ሲሠራ መጋዘን ነበር። ከሱዳን ጋር የሚነግድ አንድ ሰው ለጥጥና ለሰሊጥ ብሎ በድንጋይ ገነባው፤ ምስጡን ፈርቶ ወለሉን ከፍ አደረገ፣ ሌባውን ፈርቶ መስኮት ነሣው። ሰውየው ሲሞት ቤቱ ለከተማው ቀረ። ቤተ መጻሕፍት ይሁን ሲባል መስኮት ማውጣቱ ለየሰፈሩ ተደለደለ። ሁሉም በየልኩ ስለፈለፈለ አንዱ መስኮት በር ያህላል፣ ሌላው ራስ አያስወጣም። ለማትሪክ ያጠናሁት በዚያ በጠባቡ ሥር ነው። በከተማው ውስጥ ቀትር ላይ ሰው ተቀምጦ የሚያነብበት ቀዝቃዛ ቤት እሱ ብቻ ነው። አሁን እሱም ከተወሰደ የሽንፋ ልጆች የት ሊያነቡ ነው? እስከ ገንዳ ውኃ ከተማ ድረስ በሆዴ ያልረገምኩት ነጋዴ፣ ያልወቀስኩት ሹም የለም።

ሽንፋ፣ ቀትር

ከገንዳ ውኃ ወዲያ አስፋልቱን ትተን አቧራ ስንቅም ቆየንና ደረስን። ወርጄ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ደሳለኝ አልዋሸም። ጆንያ በጆንያ ላይ ተቆልሏል፤ በየጆንያው ላይ የገበሬ ስም በቀለም ተጽፏል። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከተማሪነቴ ጀምሮ ቤቱን የሚጠብቁት እትዬ ዘውዴ ከጓሮ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ፀሐዩ መታህ?»

«እትዬ፣ ቤቱን ለሰሊጥ ሰጣችሁት?»

«የምን ሰሊጥ? ሰሊጡ ገና ማሳ ላይ አይደል እንዴ።»

እውነታቸውን ነው። የሽንፋ ልጅ ሆኜ፣ ያልታጨደ ሰሊጥ በሁለት ዓይኔ እያየሁ ነበር የመጣሁት።

«ክረምቱ ጣራውን ገለበጠብን» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ በሩን ከፍተው ካስገቡኝ በኋላ አንዱን ጆንያ እየፈቱ። «መጽሐፉ ሊበሰብስ ሆነ። እኛ ደግሞ የምናውቀው ሰሊጥ ማዳን ነው፤ እንደ ሰሊጥ አደረግነው። ገበሬው ጆንያውን አዋሰን፣ በየመሃሉ ለምስጡ የኒም ቅጠል ጨመርን፣ ርብራብ ላይ ቆለልነው። ጣራው ይኸው አሁን በአዲስ ቆርቆሮ ተመታ።»

የደረቀ የኒም ሽታ ወጣ፤ ከሥሩ መጻሕፍቱ፣ አንድም ሳይረጥብ። ዕንባዬ መጣ፣ እየሳቅኩ።

ወዲያው አያ ጫኔ የሚባሉ ገበሬ ስማቸውን ከጆንያዎቹ ላይ እየፈለጉ ገቡ። «አጨዳው ደርሷል፤ ጆንያዬን ስጪኝ።»

«መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ያልመለሰ ጆንያ አያገኝም» አሏቸው እትዬ ዘውዴ።

አያ ጫኔ እያጉረመረሙ መደርደር ጀመሩ፤ ወፍራሙን ከሥር፣ ቀጭኑን ከላይ፣ ልክ እንደ ድንጋይ ካብ። ሌሎችም ተከተሉ። ደሳለኝ ካርቶኖቼን ተሸክሞ ገባና ዙሪያውን አይቶ አንገቱን ደፋ።

«ኮይስ፣ ደህና ነው» አለ። «ወሬውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው እመልሰዋለሁ።»

በማግስቱ፣ ወደ ጎንደር

ቃሉን ጠበቀ። በየኬላው፣ በየሻይ ቤቱ፣ ለሚያልፈው ሾፌር ሁሉ አንገቱን በመስኮት እያወጣ «የሽንፋ ቤተ መጻሕፍት አለ! ጣራውም አዲስ ነው!» ይላል። አይከል ላይ ያቺ ሻይ ቀጂ «እሰይ» ብላ የኔን ሻይ ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ጎንደር ደርሼ ባጃጅ ያዝኩ። ባለ ባጃጁ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርኩት።

«ሽንፋ ባለ ፎቅ ቤተ መጻሕፍት ተሠራ አሉ» አለኝ። «ዛሬ ሾፌሮች ሲያወሩ ሰማሁ። እውነት ነው?»

አቧራዬን እያራገፍኩ፣ «ገብቼበታለሁ» አልኩት። ይኼኛውን ወሬ አላስተባበልኩም።