ፋናዬና የመስኮቱ ሴት

እልል በሉ! መስኮታችን አይነቀልም፤ በድራይዎል ግድግዳም አይሸፈንም፤ ባለበት ይቆያል! ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ቆመው ተናገሩ። እኔ ወንበር እያጠፍኩ ነበር፤ ወንበሩ አምልጦኝ እግሬ ላይ ወደቀ፤ አመመኝ አላመመኝ እንጃ!

የምሥራቹ የማን ነው ትሉኛላችሁ። የፋናዬ ነው። ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ፤ መጻፍ ከጀመርኩ ዓመት ባይሞላኝም አሁንስ ማንም አያስቆመኝም።

ፋናዬ የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት። ከአክስቷ ጥልፍ ተምራ ለሙሽራ ቀሚስ ስትጠልፍ ኖራ፣ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገባች። መጀመሪያ ዌርሃውስ ሠራች፤ እጇን ሲያማት ሆም ኬር ገባች። አሁን ቤክስሊ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ከልጇ ከኤልዳና ጋር ፒከሪንግተን ትኖራለች። ያደገችው በኦርቶዶክስ ቤት ነው፤ ወደ እኛ፣ ወደ ጴንጤዎቹ የመጣችው እዚህ ነው። ይህን ደግሞ የእኛ ሰው አይረሳላትም። ፈገግ ብሎ ሰላም ይላታል፣ ዘወር ስትል በዓይኑ ይከተላታል።

መስኮቱን ልንገራችሁ። ሕንፃውን ምእመናናቸው ካለቁባቸው አሜሪካኖች ስንገዛው አብሮ የመጣ ባለቀለም መስታወት ነው። ላዩ ላይ አንዲት ሴት ረጃጅም አበቦች መካከል ቆማለች። ሕፃን አልታቀፈች፣ ክንፍ የላት፣ አክሊል የላት። ፀጉሯ ብቻ እንደ ጭስ ወደ ላይ ይሄድና ሐረግ ይሆናል፤ ሐረጉ መስኮቱን ሁሉ ይዞራል። አንዱ "ማርያም ናት" አለ። ወንድም ቶሎሳ "ሐረግ አይደለም፣ እባብ ነው" አለ። ሐምራዊት፣ ጓደኛዬ፣ "ዛር ናት፤ ዓይኗን እዩት፣ የትም ብቀመጥ ታየኛለች" ብላ ቦታዋን ቀየረች። በመጨረሻ ቢልዲንግ ኮሚቴው ሊሸፍነው ወሰነ።

ከዚያ ነው ፋናዬ ላይ ነገር የመጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑን እኔ፣ ፋናዬና ሐምራዊት አብረን ነው የምናጸዳው። አንድ ቀን ሐምራዊት ኮል አደረገችኝ።

"ሰብሊዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ፋናዬ መስኮቱን ስትሳለመው አየኋት።"

"ተይ እንጂ!"

"ነጭ ጨርቅ ይዛ፣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋ! ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ድሮውንስ ልቧ መቼ መጣ?"

አንዴ እንዲህ ከተባላችሁ በኋላ የማታዩት ነገር የለም። ለካ ሁልጊዜ "የፀሐይ መውጫውን፣ የመስኮቱን ጎን እኔ ልጥረግ" የምትለው እሷ ናት። ለካ እኔ ስገባ አንድ ነገር ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ጉልበቷስ ለምን አቧራ ለበሰ? "ደህና ነሽ?" ስትለኝ እንኳ ምን ፈልጋ ነው እል ጀመር።

ወሬው ሽማግሌያችን ጋሽ ዘካርያስ ጆሮ ደረሰ። እሳቸው ችኩል አይደሉም። "በዓይናችን ሳናይ አንፈርድም። እውነት ከሆነ ግን ከመዘምራን ትወርዳለች፤ መስኮቱም በሳምንቱ ይነቀላል" አሉኝ። ቅዳሜ ማለዳ እኔና እሳቸው ከበሩ ኋላ ቆምን።

እውነት ነው! ፋናዬ ተንበርክካለች። ነጭ ጨርቅ መስታወቱ ላይ ዘርግታ ግንባሯን አስጠግታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ፋናዬ!" አሉ ጋሽ ዘካርያስ።

ዘወር ስትል በከንፈሯ የያዘቻቸው ስፒሎች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

"ጋሼ! ስፒል ሊያስውጡኝ ነበር እኮ!"

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ጨርቁን አሳየችን። በእርሳስ የተሳለ ሐረግ ብቻ ነው ያለበት። ፀሐይዋ ከውጭ ስትመታ መስመሩ በጨርቁ ያልፋል፤ እሷ ጨርቁን በግንባሯ ይዛ በእርሳስ ትከተለዋለች። የጠላፊ ሁሉ ዘዴ ነው።

"ልትሸፍኑት አይደል? ሳይሸፈን ልውሰደው ብዬ ነው።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"የፑልፒቱን ጨርቅ ሐረግ ከየት ያመጣሁት መሰልዎት?"

ጋሽ ዘካርያስ ዞረው ፑልፒቱን፣ የሚሰብኩበትን አትሮንስ አዩ። ያንን ጨርቅ ማን እንደ ጠለፈው ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸውማ ስለ ወይን ግንድ ሲሰብኩ ጣታቸውን እየቀሰሩበት ነው። ሄደው ገፈፉት፣ አምጥተው መስኮቱ ላይ ለጠፉት። ሐረግ ከሐረግ ገጠመ።

"ታዲያ እኔ ስሰብክ የከረምኩት" አሉ ቀስ ብለው፣ "እዚህች ሴት ፀጉር ላይ ተደግፌ ነው?"

እኔ ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ሴትዮዋስ ማናት? እውነቱን ንገሪኝ።"

"ማንም አይደለችም፣ ጋሼ። እኔም ፈርቼ ኤልዳናን ጠየቅኳት፤ ዩኒቨርሲቲ የሥዕል ታሪክ ነው የምትማረው። 'ማም፣ ሺ ኢዝ ኖት አ ሴንት! ኢትስ አር ኑቮ!' ብላ ሳቀችብኝ። ቅድስት አይደለችም፣ አር ኑቮ የሚባል የሥዕል ስልት ነው ማለቷ ነው።"

ከዚያ የገባትን ነገረችን። በፈረንጆች አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ላይ ብራስልስና ፓሪስ፣ ቪየናም ያሉ ሠዓሊዎችና ግንበኞች የጥንቱን ዓምድ መገልበጥ ሰለቻቸው። ፋብሪካ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚተፋው ዕቃም ሰለቻቸው። መስመሩን ከአበባ ግንድ፣ ከሴት ፀጉር፣ ከጭስ ወሰዱት። ያው መስመር በደረጃው ብረት፣ በበሩ እጀታ፣ በመብራቱ፣ በባቡር ጣቢያው መግቢያ ሳይቀር ዞረ። "ጥልፍም ከሥዕል አያንስም ብለዋል አሉ" አለች ፋናዬ፣ ቀና ብላ። ይቺን ስትል ደስ አለችኝ።

"እና አይሰገድላትም?" አሉ ጋሽ ዘካርያስ።

"ቤክስሊ ያሉት እማማ እህቷ የምትመስል ሴት ያለችበት የብስኩት ቆርቆሮ አላቸው፤ ክር ያስቀምጡበታል። ለብስኩት ቆርቆሮ ማን ይሰግዳል?"

ጋሽ ዘካርያስ ጨርቁን አጥፈው "እንጸልይበት" ብለው ወጡ። በእኛ ቤት "እንጸልይበት" ማለት እሺም እምቢም ሊሆን ይችላል። ሳምንቱን ሙሉ ፋናዬ ቴክስት ባደረገችኝ ቁጥር እኔም ያንኑ "እንጸልይበት" መለስኩላት።

ዛሬ ጋሽ ዘካርያስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነሥተው፣ "መስኮት የተሠራው ብርሃን ሊያስገባ ነው፤ ያስገባ። እህት ፋናዬንም በክፉ ያየን ሁሉ፣ እኔ ጭምር፣ ይቅር ትበለን" አሉ። ቶሎሳ አሁንም ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው የተቀመጠው፤ ይሁን። ፋናዬ እልልም አላለች። ጨርቋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። "እንግዲህ መጣደፍ የለም፣ ሰብሊ። ቀስ ብዬ እጠልፈዋለሁ" አለችኝ።

እኔ ግን መጣደፌ አልቀረም። ሐምራዊት ዛሬ አልመጣችም፤ ስልክም አታነሳም። ወሬውን የጀመረችው እሷ ናት፤ መጨረሻውን ከሌላ ሰው ብትሰማው ይከፋታል። ሺፍት ሳትገባ ልድረስባት። የመኪናዬን ቁልፍ ብቻ… አዎ፣ እዚሁ አለ፣ ሄድኩ!