ቦይ ውስጥ የቀረ ቧንቧ

አባቴ ከሐኪም ይልቅ በውሃ ያምናሉ። የሰፈራችን የመስኖ ገበሬዎች የውሃ አባት አድርገው የመረጧቸው ናቸው፤ የሮቢ ወንዝን ውሃ በተራ የሚያከፋፍሉት፣ ተራ የሚሰርቀውንም የሚቀጡት እሳቸው ናቸው። በዚያ የሸዋ ሮቢት ሐሩር የሰው ማሳ ሲያስጠጡ ይውሉና ራሳቸው ውሃ የሚቀምሱት ሲመሽ ነው። ኩላሊታቸው በውሃ እጦት ጠጠር ሲያበጅ እኔን አልገረመኝም፤ እሳቸው ግን ክፉኛ ተገረሙ።

ሕመሙ መሬት ላይ ሲያንከባልላቸው፣ እኔ እየተቆጣሁ እሳቸው "ቆዪ፣ የውሃ ተራዬ ይለፍ" እያሉ፣ በደብረ ሲና ዳገት አዲስ አበባ አደረስኳቸው። ሐኪሙ ጠጠሩን አወጣና ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርድበት ቀጭን መስመር ውስጥ ለስላሳ ቱቦ አስቀመጠላቸው፤ እብጠት መንገዱን እንዳይዘጋው ነው። ድሮ ቱቦው ቀጥ ያለ ስለነበር እየተንሸራተተ ያስቸግር ነበር አለን። ኋላ ሁለቱን ጫፎች ጠምዝዘው ሠሩትና አንዱ ኩላሊት፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ተጠምጥሞ የሚቆይ ሆነ። አባቴ ይህን ሲሰሙ የሠሪውን ብልሃት አደነቁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መውጣት እንዳለበት፣ ከቆየ ጠጠር እንደሚያበቅልና ኩላሊቱን እንደሚያጠፋ ግን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ።

ሕመሙ ጠፋ። ሲሸኑ ትንሽ ያቃጥላቸዋል፣ ቶሎ ቶሎም ያስነሳቸዋል፤ ከዚያ በቀር ደህና ናቸው። ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ድረስ እየሄዱ ሆዳቸው ውስጥ ስላለው ቧንቧ አወሩ። ቀጠሮው ሲደርስ "ያዳነኝን ነገር ለምን አስነቅላለሁ? አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" አሉኝ። ለመንኩ፣ አኮረፍኩ፣ አለቀስኩ። አካፋቸውን አንስተው ወጡ። ቀጠሮው ካለፈ ከረመ። አንድ ቀን ከቁፋሮ ሲመለሱ ሽንታቸው ደም መስሎ እንደነበር እናቴ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ በጣም ፈራሁ።

ምክትላቸው ዘንድ ሄድኩ፤ በዕድሜ ከእሳቸው የሚያንስ የቀወት ወረዳ ክርስቲያን ገበሬ ነው። እንዲመክርልኝ ለምኜ ሁሉንም አስረዳሁት። እስክጨርስ አዳመጠኝና ሳቀ። እኛ ዘንድ ቦይ ሲናድ፣ በተናደው በኩል ለጊዜው ቧንቧ ይጋደማል፤ ጥገናው ሲያልቅ ይነሳል። ካልተነሳ ደለል ይዞ የሁሉንም ውሃ ይዘጋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ እስኪያነሳው ድረስ የውሃ ተራው ይታለፋል። ሕጉን ያወጡት አባቴ ናቸው፤ ዘመድም አልማሩበትም።

በማግስቱ ገበሬው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ቦዩ ዳር ተሰበሰበ። ምክትሉ ተነሣና "የውሃ አባት፣ ጥገናው ካለቀ በኋላ ቧንቧውን ቦይ ውስጥ የተወ ሰው አለ። ምን ይደረግ?" ብሎ ጠየቀ።

"ይሄ ምን ይጠየቃል? እስኪያነሳ ተራው ይለፈው" አሉ አባቴ ቆጣ ብለው።

"እንግዲያው ያለፈው ያንቱ ተራ ነው። ቧንቧው ያለው አንቱ ሆድ ውስጥ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቁም፤ ሽንኩርታቸው ውሃ የሚፈልግበት ሰዓት ነበር። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ የራሳቸውን ፍርድ እንዴት ይሻሩ? አኩርፈው ገቡ። ጠዋት ግን መናኸሪያ ቀድመውኝ ቆመው አገኘኋቸው።

አዲስ አበባ ሐኪሙ ቱቦውን ሳይቀድዳቸው በቀጭን መሣሪያ ጎትቶ አወጣው። ጥምዙ ላይ ግራጫ ጠጠር መጋገር ጀምሮ ነበር። ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ በዚህ መንገድ አይወጣም፣ ኩላሊቱም አይተርፍም ነበር አለን። አባቴ ጠጠሩን በጣታቸው ነካ አደረጉና ቱቦው በብልቃጥ እንዲሰጣቸው ጠየቁ።

በማግስቱ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ቤት ሳይገቡ ቱቦውን በብልቃጥ ይዘው ወደ ቦዩ ሄዱና ለምክትላቸው ሰጡት።

"ደለል ይዞ ነበር" አሉ። "ልክ ፈርዳችኋል።"

እሱም ብልቃጡን ለገበሬዎቹ አዞረና፣ በአካፋው አፈሩን ገለጥ አድርጎ ውሃውን ወደ ሽንኩርታቸው ለቀቀ። አባቴ ግን አልተከተሉትም። ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ።

"ነይ እስቲ ልጄ" አሉኝ፤ "መጀመሪያ እኔን አጠጪኝ።"