የቡናው ሸራ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ የነካው ቀይ ቡና ሸተተኝና ሳላስበው መሮጥ ጀመርኩ።

ሽታው የድሮ ነገር አስታወሰኝ፤ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ "ቡናው እንደደረቀ ሐዋሳ ሄደን ሐይቁን እናያለን" ካለን ጀምሮ እኔና ታናሽ ወንድሜ መቀመጥ አቃተን። ከምንኖርበት ከሚዛን ከተማ ወጥተን አናውቅማ። በየሰዓቱ ግቢ እየወጣን፣ ደርቆ እንደሆን ለማየት የተሰጣውን ፍሬ በጥርሳችን እንሞክራለን።

"ሳይደርቅ በልታችሁ ልትጨርሱት ነው?" ይሉናል አባባ የምንላቸው አያታችን፣ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ።

አንድ ጠዋት እናቴ ሻንጣውን አወጣች። እኔም አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አቧራ እንዳይነካው ብዬ፣ ቡናው በዝናብ ጊዜ ከሚሸፈንበት ሸራ ቆርጬ አለበስኩት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ከሰዓት ዝናብ መጣ። አባቴ ሮጦ ሸራውን ቢዘረጋው መሃሉ ላይ ሻንጣ የሚያህል ቀዳዳ አለው። ቀዳዳውን አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"ተዋት" አሉት አያቴ። "ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድም። አንቺ ነይ፣ ቡናውን አገላብጪ።"

እጄ እስኪዝል አገላበጥኩ።

"አባባ፣ ነገ ይደርቃል?"

"ነገ ጠይቂኝ።"

በየቀኑ ጠየቅኳቸው። ቡናው ሻገተ፤ ሐዋሳም ለከርሞ ተባለ። ከርሞም ሌላ ምክንያት መጣ። ሻንጣው ግን እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኑ ላይ ሸራውን እንደለበሰ ነው።

ዛሬ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ከተሰጣው ቡና አንድ ፍሬ አንስቼ ነከስኩ። አያቴ ከበርጩማቸው ቀና አሉ።

"እህስ?"

"ገና ነው፣ አባባ።"