የልጅ ልጄን አንጎል ለማንሳት ፊርማዬን የጠየቁኝ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቦሌ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ባለ መስታወት ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት አነብ ነበር። የወጣሁት በደረጃ ነው። የመብራቱን ጠባይ እያወቅሁ ሊፍት ውስጥ አልገባም።

አጠገቤ የልጅ ልጄ ሜላት አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ዱባይ ስለምትሠራ ገርጂ ኮንዶሚኒየም እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። (ስሙ የእሷ አይደለም። ይህን ጽሑፍ አንብባ ከፈቀደች በኋላ ራሷ የመረጠችው ነው።) ከትምህርት ቤቷ «ለአንድ ጥናት አሳዳጊ ይምጣ» የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ ደረሰኝ... መጣሁ።

ከፊታችን የተቀመጠችው ወጣት ሐኪም ጥናቱን አስረዳችኝ። በገዛ እጃቸው ሰውነታቸውን የሚጎዱ ልጆች አሉ። የእነሱን አንጎል ምስል በማሽን አንስተው፣ እንዲህ ከማያደርጉ እኩዮቻቸው ጋር ያስተያያሉ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ከመጽሐፍ ተምሬ ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሰው ነኝ። ያልገባኝ ወረቀት ላይ አልፈርምም።

«ማሽኑ በምን ይሠራል?» አልኳት።

«በማግኔት ነው አባቴ። ጨረር የለውም፣ አያምም።»

«ማግኔት ካሴት አጠገብ ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ዘፈኑን ጠራርጎ ያጠፋዋል! የልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ትምህርትስ?»

«ኧረ አባባ!» ብላ ሜላት ፊቷን ሸፈነች።

ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። «ካሴት ላይ ድምፁ የተቀዳው በማግኔት ነው፤ ለዚያ ነው በማግኔት የሚጠፋው። አንጎል እንደዚያ አይደለም» አለችኝ።

መልሱ ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረኝ።

ገጽ ሰባት ላይ ያዝኳት። «'ተሳታፊዋ ከጥናቱ በቀጥታ የምታገኘው ጥቅም የለም' ይላል። ታዲያ የሚጠቀመው ማነው? ምስሉን ለማን ልትሸጡት ነው?»

«አይሸጥም። ስሟም አይኖርበትም። ጥቅም የለውም ያልነው እንዳንዋሽዎት ነው። ሕክምናው ሌላ ነው፤ ቢፈርሙም ባይፈርሙም አይቋረጥም።»

እዚህ ላይ «የማን ሕክምና?» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«መቼም የኔዋን የፈለጋችኋት ለማስተያያ ነው» አልኩ ኮራ ብዬ። «ከጤነኞቹ ወገን። ከክፍሏ ሁለተኛ ናት። ጨዋ ናት፤ በዚህ ሙቀት እንኳን እጅጌ ሙሉ ነው የምትለብሰው...»

ከጎን ካለው ጅምር ሕንፃ ብረት ሲቀጠቀጥ ብቻ ይሰማል።

«ምነው? ከየትኛው ወገን ነው የጻፋችኋት?»

ሐኪሟ ሜላትን አየቻት። «ራሴ እነግራቸዋለሁ ብላን ነበር...» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሜላት የእጅጌዋን ጫፍ በጣቶቿ ጨብጣለች።

«ከሌላኛው ነኝ አባባ።»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ትምህርት ቤቱን ነው። ቀጥዬ ጓደኞቿን። ቀጥዬ ስልኳን።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ሰው አንድ ነገር ሲነግርዎት መጀመሪያ የሚጠይቁት ማስረጃ ነው...» አለች። «እኔ ደግሞ ማስረጃውን ማሳየት አልፈለግሁም።»

ወደ ሐኪሟ ዞርኩ።

«ጥጋብ ነው ወይስ ጋኔን?»

«ሁለቱም አይደለም። ጭንቀት ከአቅማቸው በላይ ሲሆን እዚህ የሚደርሱ ልጆች አሉ፤ ሲታገዙ ይሻላቸዋል። አንጎላቸው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ግን ገና በደንብ አናውቅም። የምናጠናውም ለዚህ ነው።»

በሙያዬ ዘመን «አውቃለሁ» ብሎ የሰው ቴፕ ፈትቶ ያበላሸ ብዙ አይቻለሁ። «አላውቅም» ያለ ባለሙያ ግን አላጋጠመኝም። ጥርጣሬዬ ትንሽ ላላ... ትንሽ ብቻ።

«አንቺስ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት ሜላትን።

«የኔን ወረቀት ፈርሜያለሁ። ምን እንደሆንኩ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ይህን ነገር ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ። ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር ግን «ማሽኑ ሲሠራ በሩ ላይ እቀመጣለሁ» ብዬ ጨመርኩበት።

«አባቴ፣ ወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም እኮ» አለች ሐኪሟ።

«አሁን አለ።»

በታክሲ ወደ ገርጂ ተመለስን። ማክሰኞ ማክሰኞ «ጥናት አለብኝ» እያለች የምታመሸው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ዘንድ መሆኑን የነገረችኝ ከታክሲው ከወረድን በኋላ ነው። ከእንግዲህ እኔ እንደማደርሳት ነገርኳት።

ምሳ ቀረበ። እኛ ቤት ቧንቧ ቢኖርም ታላቅን የሚያስታጥበው ታናሽ ነው፤ ይህን ደንብ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሜላት በየቀኑ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ስታስታጥበኝ እጅጌዋ ይረጥባል። እኔም በየቀኑ «እጅጌሽን ሰብስቢ እንጂ፤ ምን ያጣድፍሻል?» እያልኩ እቆጣታለሁ።

ያን ቅዳሜ ግን ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰድኩት።

«ተቀመጪ። ዛሬ የማስታጥበው እኔ ነኝ።»

«ኧረ ነውር ነው አባባ!»

«ነውሩን ለኔ ተዪው። እጅጌሽም እንዳለ ይሁን፤ ቢረጥብ ይደርቃል።»

እጇን ዘረጋች። ከዚያ ራሷ፣ ቀስ ብላ፣ አንዱን እጅጌ ሰበሰበችው። አየሁ። ምንም አልጠየቅሁም። ውሃውን ማፍሰሴን ቀጠልኩ።

አሥራ አንድ ገጽ አንብቤ ያልጠረጠርኩት አንድ መስመር አልነበረም... በየቀኑ ዓይኔ ሥር የሚረጥበውን እጅጌ ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩትም።