«ወደ ላይ ወጥተሽ ፈልጊ» ያሉኝ መምህር

የመምህር እንየው ዕረፍት ቡሬ የደረሰው በሚኒባስ ነው። ከፍኖተ ሰላም የመጣው መኪና ረዳት በትምህርት ቤታችን በር ላይ ወርዶ፣ «የኮምፒውተሩ መምህር አርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ ነው፤ ለመምህርቷ ይንገሩልኝ» ብሎ ለዘበኛችን ነገራቸውና መንገዱን ቀጠለ። ዘበኛው እስከ ክፍል ድረስ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ቆባቸውን ሲያወልቁ መርዶ መሆኑ ገባኝ፤ የማን እንደሆነ ግን አልገመትኩም ነበር። ሲነግሩኝ የያዝኩትን ጠመኔ አስቀምጬ ተማሪዎቹን አሰናበትኩ።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ቀበርኳቸው። ታመው እንደ ከረሙ የሰማሁት እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«የቡሬዋ መምህርት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስላንቺ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹ቡሬ ላይ እኔን የምትበልጥ ልጅ አለችኝ› ይል ነበር። እባክሽ፣ የመታሰቢያውን ጽሑፍ አንቺ ጻፊለት። ሥራውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

እሺ አልኩ፤ ለቅሶ ቤት እምቢ አይባልም። ነገር ግን ያ በቤታቸው ሲናገሩት የኖሩት ቃል ከመርዶው ይልቅ ቆረጠኝ። ለምን እንደ ቆረጠኝ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። እርሳቸውም ነገር በቅደም ተከተል ሲቀርብ ነበር ደስ የሚላቸው።

መምህር እንየውን ያወቅኋቸው የማስተማር ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ክረምት፣ ፍኖተ ሰላም ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ እርሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ ባየኋቸው ጊዜ የጋሪ ጎማ መንፊያ ይዘው በተከፈተ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰው አቧራውን እየነፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ነይ እታለም፤ ጎማ የተነፈሰበት ባለጋሪ መስዬሽ እንዳትመለሺ» አሉኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ እንየው እያልኩ መጥራት ጀመርኩ፤ ሥልጠናው ካበቃ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ እየሄድኩ ተማርኩ።

ያስተማሩኝ ኤክስኤምኤል የሚባለውን ነገር ነው። ስሙን ዩኒቨርሲቲ ሰምቼዋለሁ እንጂ አንድ መስመር እንኳ ጽፌ አላውቅም ነበር።

«ፕሮግራም አይደለም፤ አትፍሪው» አሉኝ። «እህል ገበያ ሄደሽ የለ? ጤፉ በአንድ ጆንያ፣ ዳጉሳው በሌላ ጆንያ ነው። ጆንያው ላይ ምን እንዳለ ከተጻፈበት የደምበጫ ነጋዴ ሳይፈታው ያውቀዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ለማያውቅ አንባቢ እኔም ትንሽ ላስረዳ። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ መረጃ ምን እንደሆነ በሚናገሩ ሁለት ምልክቶች መካከል ይቀመጣል። አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል፤ ምልክቶቹም ታግ ይባላሉ። የተማሪን ስም ስንጽፍ በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ መካከል እናስቀምጠዋለን። ስሙ፣ የአባቱ ስምና ውጤቱ ደግሞ «ተማሪ» በሚል ትልቅ ታግ ውስጥ ይገባሉ፤ ተማሪዎቹ ሁሉ «ትምህርት ቤት» በሚለው ውስጥ። ከውስጥ የተከፈተው ሳይዘጋ የውጪው አይዘጋም። ይህን ሲያስተምሩ ጠመኔ አንሥተው ሦስት ክብ ይሥሉና፣ «ቄሱ ከመቅደስ ሳይወጣ ከቅድስት አይወጣም፤ ከቅድስት ሳይወጣ ከቅኔ ማኅሌት አይወጣም» ይሉ ነበር። መሣሪያችን ታጉን በላቲን ፊደል ካልጻፍነው አይቀበልም ነበር፤ በውስጡ ግን አማርኛ መጻፍ ይቻላል። በዚህ ስበሳጭ፣ «ጆንያው የፈረንጅ ይሁን፤ እህሉ የኛ ነው» ብለው ያጽናኑኝ ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ አልከፈት አለ። ማሽኑ ስህተቱን በመጨረሻው መስመር ላይ አመለከተኝ። ያንን መስመር ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አልጎደለውም። ጋሽ እንየው ከኋላዬ ቆመው ብዙ ታገሡኝ። በኋላ፣ «እታለም፣ ጩኸቱ ከተሰማበት ቦታ ላይ ስህተቱን አትፈልጊ። ማሽኑ የሚዘጋውን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ነው የሚጮኸው። ወደ ላይ ወጥተሽ ፈልጊ» አሉኝ። ወጣሁ። እውነትም ከላይ ከፍቼ ሳልዘጋው ያለፍኩት ታግ ተገኘ።

ደግነታቸውን ያየሁት በእናትነሽ ነው። እናትነሽ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም የተዛወረች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የውጤት ወረቀቷ በመንገድ ጠፍቶ ክፍል ልትደግም ሆነ። ጋሽ እንየው የእርሳቸው ሥራ ሳይሆን፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በራሳቸው ወጪ አውቶቡስ ተሳፍረው ደምበጫ ሄዱና ውጤቷን በፌስታል ይዘው መጡ። ሲመለሱ አቧራ ለብሰዋል። «ልጅቱ አለፈች» አሉኝ፤ «ግን እኔ ለስንቱ ልሳፈር ነው? መረጃ እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ አጥረሽ ካስቀመጥሽው ለራስሽም ይበላሻል። ነይ፣ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የሚያነቡት አንድ አወቃቀር እንሥራ።»

ሠራነው። እኔ ቡሬ ላይ ጻፍኩ፤ እርሳቸው ቅዳሜ አረሙ። ከእኔ ብቻ የመጣ አንድ ታግ ነበረ፤ «ስንቅ» አልኩት። የገጠር ተማሪዎቻችን ከተማ ውስጥ ቤት ይከራያሉ፤ አድራሻቸው በየጊዜው ይለዋወጣል። እሑድ እሑድ ስንቅ የሚያመጡበት ቀበሌ ግን አይለወጥም። ልጅ የጠፋ እንደሆነ የሚገኘው በዚያ ነው። ጋሽ እንየው መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ መስመሩን ደግመው አነበቡና፣ «ይኼን የፈረንጅ መጽሐፍ አያስተምርሽም። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይኼ ነው» አሉኝ።

ሥራው ሲያልቅ በቀይ ክር ያሰሩትን የራሳቸውን ፍላሽ ሰጡኝ። «ለደምበጫ አድርሺው፤ እኔ ነኝ የላክሁሽ፤ ይህን ንገሪያቸው» አሉኝ። አደረስኩ። ከደምበጫ መምህራን ጋር ስንከፍተው ያለ ምንም ችግር ተከፈተ፤ ገልብጠው አስቀሩና ፍላሹን መለሱልኝ። ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ቡሬ ገባሁ። ልጇን ልታዛውር ለመጣች የሽንዲ እናትም፣ «ከእንግዲህ ውጤት አይጠፋም» ብዬ ቃል ገባሁላት።

ከዚያ ግምገማ መጣ። ግምገማ ምን እንደሆነ በዚህ አገር ለሠራ ሰው አላስረዳም። አዳራሹ ከየወረዳው በተሰበሰብን መምህራን ሞልቶ ነበር፤ ጋሽ እንየው ከፊት ተቀምጠዋል።

«የቡሬዋ መምህርት» አሉ ሰብሳቢው፣ «የተማሪ መረጃ ለሌላ ወረዳ ያሳለፍሽው በማን ፈቃድ ነው?»

«ከመምህር እንየው ጋር ነው የሠራነው» አልኩ። ፍርሃት እንኳ አልነበረብኝም።

ሰብሳቢው ወደ እርሳቸው ዞሩ። «እንዲህ ነው እንዴ?»

ጋሽ እንየው ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «መምህርቷ ጉጉ ናት» አሉ። «አንዳንድ ነገር ስትጠይቀኝ አስረድቻታለሁ። ሥራውን ግን አላየሁትም። ከመዋቅር ውጪ መረጃ ማሳለፏም ተገቢ አይደለም። ሂሷን ብትቀበል ጥሩ ነው።»

አንዱ ከኋላ፣ «ደግሞ ስንቅ የሚል አስገብታበታለች አሉ! ተማሪ ነው የምትመዘግቢው ወይስ በሶ?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ እንየውም ሳቁ።

ፍላሹ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያንን ቀይ ክር በዚያ አዳራሽ የማያውቀው አልነበረም። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃኝ ነበር። እጄ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ክሩን ያዘው፤ ግን አላወጣሁትም። ፊደል ያስቆጠረን ሰው በሸንጎ ማዋረድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እርሳቸው ይህን እንደማላደርግ ያውቁ ነበር። በዚያ እምነት ላይ ቆመው ነው የካዱኝ። ሂሴን ተቀብዬ ተቀመጥኩ። ከእኔ ቀጥሎ የሚገመገሙት እርሳቸው ነበሩ፤ በሰላም አለፉ።

ከዚያ በኋላ አለቆቹ የትምህርት ቤታችንን የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ተቀብለውኝ፣ እንደገና ማስተማር እስኪፈቀድልኝ ድረስ የፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አደረጉኝ። የደምበጫውም ሥራ እንዲጠፋ ታዘዘ። የዚያች የሽንዲ እናት ልጅ ውጤትም በመንገድ ጠፋ። እናቲቱ አልተቆጣችኝም፤ «ምን ታደርጊ፣ ልጄ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ነው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ተገናኘን፤ ፌስታል ይዘዋል።

«ደኅና ነሽ እታለም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከየት ነው ጋሼ?»

«ከደምበጫ። የአንድ ተማሪ ውጤት ጠፍቶ...» አሉና ፌስታሉን ወደ ኋላቸው አደረጉት።

በአንድ ፍላሽ ይደርስ የነበረውን በአውቶቡስ እየተመላለሱ ያደርሱ ነበር። «ፍላሽዎ እኔ ጋ ነው» አልኳቸው።

«ይኑር አንቺ ጋ።» ጫማቸውን አዩ። «ያን ጊዜ እኮ...»

«ቡሬ! ቡሬ! አንድ ሰው የጎደለው!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ።

«ሂጂ፣ እንዳያመልጥሽ» አሉኝ።

የቡሬ መኪና ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። እርሳቸውም ያውቁታል፤ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ሄድኩ።

ጋሽ እንየው፣ አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው። ዛሬም ጀማሪዎችን ሳስተምር በእርስዎ ጆንያ እጀምራለሁ፤ ሦስቱን ክብ እሥላለሁ። ልጆቹ ሲሳሳቱ «ወደ ላይ ወጥታችሁ ፈልጉ» እላቸዋለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሳለቅስ ሴቶቹ ሞትዎ ብቻ ያስለቀሰኝ መስሏቸው አባበሉኝ። እኔ ግን እንዳስተማሩኝ ወደ ላይ ወጥቼ ፈለግሁ። የተጮኸው በቀብርዎ ቀን ነው፤ የጎደለው ግን ከላይ፣ አዳራሹ ውስጥ ነው። «አዎ፣ እኔ ነኝ የላክኋት» የምትል አንዲት ቃል ናት። በቤትዎ ለእንግዳ ሁሉ ያመሰገኑኝን ያህል አያስፈልገኝም ነበር፤ ያቺ ብቻ ትበቃኝ ነበር። የት እንደ ጎደለች አውቄአለሁ፤ የምትሞላው ግን በእርስዎ አንደበት ነበር፤ አንደበትዎም አረፈ።

ይኑር አንቺ ጋ ስላሉኝ ፍላሹ እኔ ጋ ነው። በውስጡ ያለው ሥራ አልጠፋም፤ ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ስንቅም በቦታው አለ። ያዘጋጀው ሰው ስም በሚለው ታግ ውስጥ ምንም አልተጻፈም ነበር፤ ያን ጊዜ ባዶውን ትተነዋል። አሁን ሁለታችንንም ጻፍኩ፤ የእርስዎን አስቀደምኩ። አሁን ተነሥተው «አላየሁትም» ሊሉ አይችሉም። ደኅና ይረፉ፣ መምህሬ። ዘግቼዋለሁ።