ከፎቶው የጎደለችው እናቴ

ልጅ ሳለሁ ጎፋ በነበረው ቤታችን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተሰማ ተረት የሚነግረን ከሥራ ተመልሶ ባለሦስት እግሩን የሳጥን ካሜራ ጥግ ካቆመውና ጥቁር ጨርቅ ካለበሰው በኋላ ነበር። ያኔ ሰፈራችን መብራት አልገባለትም፤ የፋኖሱ ነበልባል በተወዛወዘ ቁጥር የካሜራው ጥላ ግድግዳው ላይ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ እኔም ዘወር እያልኩ እግሮቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውን እቆጥራለሁ።

የጋሼ ተሰማ ተረቶች ጅብና ጦጣ አልነበሩባቸውም። ደጋግሞ የሚነግረን ስለ አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰውዬው አንዲት እናትን ከሦስት ልጆቿ ጋር ያነሳል፤ ወረቀቱ ታጥቦ ሲወጣ የትንሿ ልጅ ቦታ ላይ ጉም ብቻ ይታያል። ሁሉም ይስቃሉ። ልጅቷ ወሩ ሳይሞላ ትሞታለች። «ካሜራ» ይል ነበር ጋሼ ተሰማ ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ «ለመሄድ የተነሳን ሰው አያይም።»

አንድ ቅዳሜ ፀሐይ ወደ ፉሪ ተራራ ካዘቀዘቀች በኋላ ጋሼ ተሰማ የፎቶ ወረቀት ተርፎት ጠራኝ።

«ና፣ ዛሬ አንተ አንሳ።»

«ምኑን?»

«ግቢያችንን ነዋ!»

«ግቢያችን ምን አለው?» አልኩት ከልቤ። ለእኔ ፎቶ የሚነሳው ሐውልት ወይም ክራቫት ያሰረ ሰው ነበር።

እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «በዚህ ቀሚስ እንዳታስገቡኝ!» አለች።

«አንቺን ማን አየሽ? አጥሩን ነው» አላት፣ ወደ እኔ ዓይኑን እየጠቀሰ።

የካሜራውን ዓይን ክዳን ከፍቼ እስከ ስምንት መቁጠር ነበረብኝ። ቁጥሩ እንዳይምታታብኝ ፈርቼ ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ። መሃል ላይ ዶሮ ስትንጫጫ ሰምቻለሁ፤ ዓይኔን ግን አልገለጥኩም።

መጀመሪያ የወጣው ወረቀት ላይ ሰማዩ ጥቁር፣ የበሩ ጥላ ነጭ ነበር። ጋሼ ተሰማ ያንኑ ወረቀት በካሜራው መልሶ አንስቶ ጥቁሩንና ነጩን ወደ ቦታው መለሰና፣ እየመሸ ስለነበር ሳያስተውለው እንዳደርቀው ሰጠኝ። ፋኖሱ ዘንድ ወስጄ አየሁት። አጥሩ አለ። ገመዱ ላይ የተሰጣው ነጠላ አለ። ሰፌዱ መሬት ላይ አለ። እናቴ የለችም። በቦታዋ ጢስ የመሰለ ነገር ቆሟል፣ በጢሱ ውስጥ የበሩ ሳንቃ ይታያል።

ተበላሸ ብዬ ዋሽቼ ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። ከዚያ ወዲያ እናቴን መጠበቅ ያዝኩ። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ተከተልኳት፤ ስታስል ስንት ጊዜ እንዳሳለች ቆጠርኩ፤ ተኝታ ስታንኮራፋ ደስ አለኝ። በየቀኑም ጓሮ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ ጭረት አሰምር ነበር፤ ተረቱ የሰጣት ጊዜ አንድ ወር ነውና። ሃያ አንደኛው ላይ ይሁን ሃያ ሁለተኛው ላይ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፍራሹን ፀሐይ ልታስመታ ስታነሳ ፎቶውን አገኘችው።

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። «ጋሼ! ና፣ ልጄን በተረት ምን እንዳደረግኸው እይ!» ብላ ሳቀች። «ዶሮዋን ላባርር ተነስቼ እኮ ነው፣ አንተ ሞኝ!»

ጋሼ ተሰማ ግን አልሳቀም። ፎቶውን ተቀብሎ ብዙ አየውና «የተንቀሳቀሰ ሰው አይወጣም፤ ሌላ ምንም ነገር የለውም» አለኝ።

«ታዲያ ተረቱ ላይ ያለችው ልጅስ?»

«እሷም ተንቀሳቅሳ ነው» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ አንድ ቦታ መቀመጥ አትወድም ነበር።»

የእናቴ ሳቅ ቆመ። ጋሼ ተሰማ ልጅ እንደነበረችው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ተረቱንም ከዚያ ወዲህ አልነገረንም።

እናቴ ፎቶውን ከእጁ ወስዳ ወደ ደጅ ወጣች፤ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ በሩን እያየች ቆመች። «የእኛ ደጅ ነው ይሄ? ብርሃኑ እንዲህ ነው እንዴ የሚያርፍበት?» አለች። እኔም ያኔ ገና አየሁት፤ ፎቶው ላይ ቁልቋሉ በጭቃው ግድግዳ ላይ ጥላውን ጥሏል፣ ነጠላው ከውስጥ የበራ ይመስላል። ይህ ሁሉ በየቀኑ እዚያው ነበር።

ጭረቶቼን ግን ሠላሳ እስኪሞሉ አላቆምኩም።

አሁን የራሴ ካሜራ አለኝ፤ ከጎፋ እስከ ላፍቶ እየዞርኩ የሰው በርና አጥር አነሳለሁ፣ ጥሩ ፎቶ ይሁን አይሁን ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ። የመጀመሪያ ፎቶዬን እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ «የማን ፎቶ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ወደ ጢሱ እያመለከተች «እኔ ነኝ» ትላለች። እንግዳው ወደ ግድግዳው ቀና ይላል። እኔ ግን ያን ጊዜ የማየው እሷን ነው።